የዓመቱ ሥራና የአንድ ቀን ወሬ
የ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝ እግር ኳስ ውድድር በአማርኛ ስለ ተተረከበት መንገድ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የእንግሊዝን እግር ኳስ ራሱን ሳይሆን እግር ኳሱ በአማርኛ የሚተረክበትን መንገድ ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው ሌስተር ሲቲ የተባለው ቡድን የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደበትን የ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው፤ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 2015/16 የሚባለው ነው። ትረካውን የምንመዝነው ደግሞ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ያሉትን የጋይንትን፥ የስማዳንና የእስቴን አድማጮች በዐይነ ኅሊናችን ፊት አድርገን ነው።

ይህን ስፍራ ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ትረካ በተራኪውና በአድማጩ መካከል የሚኖር ነገር ስለ ሆነ፥ አድማጩን የዘነጋ ሒስ ግማሹን ብቻ ያያል። ከነፋስ መውጫ፥ ከአርብ ገበያ፥ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ከተሞች ወጣ ቢሉ አገሩ የገበሬ አገር ነው። ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ደጋው ገብስና ድንች፥ ወይና ደጋውና ቆላው ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። በእነዚህ ከተሞች የእንግሊዝን ኳስ ለማየት ከሚሰበሰበው ወጣት ብዙው የገበሬ ልጅ ነው፤ ዓመት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። ጥያቄያችንም ከዚህ ይነሣል። ዓመትን እንዲህ የሚያውቅ ሰው የአንድ ዓመት ውድድር ሲተረክለት በእውነት ዓመቱን ይሰማልን? ወይስ የአንድ ቀን ወሬ ብቻ ሰምቶ ይሄዳል?

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። የአማርኛው የኳስ ትረካ ቀኑን አሳምሮ ይናገራል፤ ዓመቱን ግን ይዘለዋል። ይህም የሆነው ቃላቱን ከጦር ሜዳ ሲወስድ ከእርሻ ማሳ ምንም ስላልወሰደ ነው።

1. ትረካው የሠራው ሥራ

ለመንቀፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የተሠራውን ማመስገን ይገባዋል። አማርኛ ለእግር ኳስ ያወጣው መዝገበ ቃላት የሚናቅ አይደለም። «ነጥብ ጣለ»፥ «ነጥብ ተጋራ»፥ «ወራጅ ቀጠና»፥ «የደረጃ ሰንጠረዥ» የሚሉት አነጋገሮች አጭርና ግልጥ ሆነው ዛሬ ማንም ሕፃን ሳያስተረጕም ይረዳቸዋል። የቡድኖቹም ቅጽል ስሞች እንዲሁ ተተርጕመው አርሰናል «መድፈኞቹ»፥ ማንቸስተር ዩናይትድ «ቀያይ ሰይጣኖቹ»፥ ዌስት ሃም «መዶሻዎቹ»፥ ሌስተርም «ቀበሮዎቹ» ተብለዋል።

ይህ ትረካ የተወለደው በሬዲዮ ነው። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስትወስድ፥ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታገኝ፥ ሜዳ ያልገባው ሕዝብ ጨዋታውን በጆሮው ማየት ነበረበት። እንደ ደምሴ ዳምጤ ያሉ የሬዲዮ ሰዎች ስማቸው እስካሁን የሚነሣው ይህን ስላስቻሉ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ የአንዲት ደቂቃ ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ተራኪው ኳሷን ለቅጽበት ቢለቃት አድማጩ ዕውር ይሆናልና።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በየከተማው ባሉት የዲ ኤስ ቲቪ ቤቶች ተመልካቹ ጥቂት ብር ከፍሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን በዐይኑ ያያል። ከእንግዲህ ከአማርኛ ተራኪ የሚፈልገው ያየውን እንዲደግምለት ሳይሆን ያየውን ካላየው ጋር እንዲያያይዝለት ነው። የሬዲዮው ልማድ ግን ደቂቃዋን ይዞ ቀረ። የቅዳሜው ጨዋታ እሑድ ይተረካል፤ የእሑዱ ሰኞ ይተረካል፤ ቅዳሜን ከቅዳሜ የሚያስተሳስረው ክር ግን አይታይም።

2. ዓመቱ በእኛ ቀን አቈጣጠር

የእንግሊዝ የውድድር ዓመት በነሐሴ ተጀምሮ በግንቦት ያልቃል። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ስሌት አይደለም። አረም ሳይጠናቀቅ ይጀመራል፤ አጨዳና ውቂያ በመካከል ያልፋሉ፤ ለሚቀጥለው ዘር ማሳው ሲታረስ ይፈጸማል። ቀኖቹን በእኛ አቈጣጠር ብናሰልፋቸው የሚከተለውን እናገኛለን።

ሌስተር ሥራውን የጀመረው ነሐሴ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ፍልሰታ በገባ በማግሥቱ ሰንደርላንድን 4 ለ 2 በማሸነፍ ነው። በዓመቱ ውስጥ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፥ የመጀመሪያው በደመራ ዋዜማ መስከረም 15 ቀን በአርሰናል 5 ለ 2፥ ሁለተኛው ታኅሣሥ 16 ቀን በሊቨርፑል 1 ለ 0፥ ሦስተኛው የካቲት 6 ቀን እንደ ገና በአርሰናል በባከነ ሰዓት በገባች የዳኒ ዌልቤክ ግብ 2 ለ 1 ነበር።

እስከ ጥቅምት ድረስ ቡድኑ ያገባል፥ ይገባበታልም። ግብ ሳይቈጠርበት የወጣበት የመጀመሪያው ጨዋታ ጥቅምት 13 ቀን ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 ያሸነፈበት ነው። አሠልጣኙ ክላውዲዮ ራኒዬሪ ግብ ሳይገባባቸው ከወጡ ፒዛ እጋብዛለሁ ብሎ ነበርና ቃሉን ጠበቀ፤ ነገር ግን ፒዛ ቤት ወስዶ ሊጡን ራሳቸው እንዲያድቦለቡሉ አደረጋቸው። ይህ ነገር እንደ ቀልድ ተወርቶ አለፈ። ደቦ የሚያውቅ ሰው ግን ከሥራ በኋላ የሚመጣውን ድግስ ወዲያው ያስተውለዋል፤ የደቦ ድግስ ለሠራ ሰው የሚቀርብ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንመጣለን። የትረካው ብርሃን ሁሉ ያረፈው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጄሚ ቫርዲ በ11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች ግብ በማግባት ኅዳር 18 ቀን የፈጸመው አዲስ ክብረ ወሰን ነው። ሁለተኛው ጥር 28 ቀን ማንቸስተር ሲቲን በሜዳው 3 ለ 1 ያሸነፉበት ጨዋታ ነው። ሁለቱም ትልልቅ ነገሮች መሆናቸውን አንክድም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ በኋላ ከመጡት ጨዋታዎች አምስቱን እንመልከት።

የካቲት 19 ቀን ኖርዊችን 1 ለ 0፤ ግቧን ኡሎአ በ89ኛው ደቂቃ አገባት። የካቲት 26 ቀን ዋትፎርድን 1 ለ 0፤ ማህሬዝ። መጋቢት 5 ቀን ኒውካስልን 1 ለ 0፤ ኦካዛኪ። መጋቢት 10 ቀን ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0፤ ማህሬዝ። መጋቢት 25 ቀን ሳውዝሃምፕተንን 1 ለ 0፤ አምበሉ ሞርጋን በራሱ ገጭቶ። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የተደረጉት በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። በአምስቱ ጨዋታዎች 15 ነጥብ የተገኘው በአምስት ግቦች ብቻ ነው፤ የዓመቱ ዝነኛ ቫርዲ ከአምስቱ አንዲቱንም አላገባም። ተሸናፊዎቹም ስማቸው ብዙ ወሬ የማያስነሣ ቡድኖች ነበሩ።

ታዲያ ዋንጫው የት ተገኘ ብንል፥ እዚህ ጾሙ ውስጥ ተገኘ ማለት ይቻላል። ሌስተር ዓመቱን በ81 ነጥብ ሲፈጽም ሁለተኛው አርሰናል 71፥ ሦስተኛው ቶተንሃም 70 ነጥብ ነበራቸው፤ ከእነዚያ 15 ነጥቦች የአራት ጨዋታ ቢጐድል ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን አንድ ጊዜ አርሶ አይተወውም፤ ይደግማል፥ ይሠልሳል። በሦስተኛው እርሻ ቀን ማንም ቆሞ አያጨበጭብም። ምርቱ ግን የሚወሰነው ያን ቀን ነው።

የፍጻሜውም ሁኔታ ሐሳባችንን ያጠናክራል። በፋሲካ ዕለት ሚያዝያ 23 ቀን ሌስተር ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር በኦልድ ትራፎርድ 1 ለ 1 ተለያየ። በማግሥቱ ሰኞ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ቶተንሃም በቼልሲ ሜዳ መጫወት ጀመረ፤ 2 ለ 0 ከመራ በኋላ 2 ለ 2 ሆነ፤ በዚያም ዋንጫው የሌስተር መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ አንድ ቡድን ባለድል በሆነባት ሰዓት ሜዳ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ትረካን ሁሉ በአንድ ቀን ላይ ለሚያቆም ተራኪ ከዚህ የበለጠ አሳፋሪ ፈተና የለም፤ የድሉ ቀን ባለድሉን አያሳይምና። ዓመቱን የተከተለ ተራኪ ግን የሚናገረው አያጣም።

3. መድፉና መንገዱ

የአማርኛ የኳስ ተራኪ ስለ አሸናፊ ሲናገር «ድባቅ መታ»፥ «ደመሰሰ»፥ «ረመረመ»፥ «እጅ አሰጠ» ይላል። እነዚህ ቃላት የመጡት ከፉከራና ከቀረርቶ ነው። ይህን እንደ ነውር አንቈጥረውም፤ ጋይንትም ሆነ እስቴ ፉከራን የሚያፍርበት አገር አይደለም። የአገራችንም የቆዩ ጨዋታዎች በቀን የሚወሰኑ ናቸው። ገና በበዓሉ ቀን ይመታል፤ ያን ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፥ ጌታውም አይቈጣም፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ጉግሥም እንዲሁ ነው። ነጥብ እየተደመረ ዘጠኝ ወር የሚሄድ ጨዋታ በልማዳችን አልነበረም። ስለዚህ የሊግ ውድድር ሲመጣ በገናና በጉግሥ ቃል መተረኩ የሚያስገርም አይደለም። የሚያሳዝነው እዚያው መቅረቱ ነው።

«መድፈኞቹ» የሚለውን ስም እንውሰድ። ይህን ቃል የሰማ ሁሉ የሚያስበው ተኵስን ነው። ነገር ግን የጋይንት ሰው ስለ መድፍ ያለው ታሪክ የተኵስ ታሪክ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ በጋይንት በኩል አልፈው፥ በጨጨሆ አድርገው፥ ወደ ዋድላ ተሻግረዋል። በ1860 ዓ.ም. ከመስከረም ማለቂያ እስከ መጋቢት ድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ድንጋዩ እየተፈነቀለ፥ ገደሉ እየተናደ፥ መንገድ በእጅ እየተሠራ፥ መድፉ በሰው ጕልበት ተጐተተ። ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ይነገራል። በዚህ አገር የመድፍ ታሪክ የመንገድ ታሪክ ነው።

እንግዲህ የኳስ ተራኪያችን መድፉን ሲጠራ መንገዱን ረሳ ማለት ነው። ሌስተርን ያሸነፈበት ነገር ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ መልሱ ከተኵሱ ይልቅ ከጕተታው ይገኛል። ቡድኑ ኳስን በእግሩ ይዞ በመቈየት ከሊጉ ዝቅተኞች መካከል ነበር። አሰላለፉን ከሁሉም ቡድኖች ይልቅ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቀያየረ። በረኛው ካስፐር ሽማይክል በ15 ጨዋታዎች ግብ ሳይቈጠርበት ወጣ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ለፉከራ አይመቹም፤ ስለዚህ በትረካው ውስጥ ቦታ አላገኙም። «ቀበሮዎቹ» የሚለው ስም እንኳ ሊረዳን በቻለ ነበር፤ በተረታችን ቀበሮ የምትኖረው በጕልበቷ ሳይሆን በብልኀቷና በትዕግሥቷ ነውና። ተራኪዎቹ ግን ቀበሮዋን እንደ አንበሳ አስገሡአት።

4. «ተአምር» ስለሚለው ቃል

በዚያ ዓመት ስለ ሌስተር ከተነገሩት ቃላት ሁሉ የገነነው «ተአምር» የሚለው ነው። ለዚህ ምክንያት አልነበረም አንልም። ቡድኑ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፈረንጆች ገና ጊዜ የሊጉ መጨረሻ ነበር፤ ከመውረድ የዳነው ከመጨረሻዎቹ 9 ጨዋታዎች 7ቱን አሸንፎ ነው። የእንግሊዝ አወራራጆችም ሌስተር ዋንጫውን ቢወስድ አንድ ላስያዘ 5000 እንከፍላለን ብለው ነበር። የሊጉ ባለጠጎች ለአንድ ተጫዋች የሚከፍሉት ዋጋ የዚህን ቡድን ብዙ ተጫዋቾች ሊገዛ ይችል ነበር። ይህን ያየ ሰው ተአምር ቢል አይፈረድበትም የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁለት መልስ አለን። መጀመሪያ፥ ተአምር ምክንያት አይጠየቅም። አንድን ነገር ተአምር ካልነው መመርመሩን አቆምን ማለት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ግን ምርመራ ይጠይቃል፤ የመካከል ሜዳው ሠራተኛ ንጎሎ ካንቴ ወደ ቼልሲ ሄደ፤ በቀደመው ዓመት 10ኛ የነበረው ቼልሲ ዋንጫውን ወሰደ፤ ሌስተር ግን በ44 ነጥብ 12ኛ ሆነ፤ ራኒዬሪም ዓመቱ ሳያልቅ የካቲት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ተሰናበተ። የለውጡ ምክንያት ካንቴ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ከወንፈሉ አንድ ብርቱ ሰው ሲጐድል ማሳው እንደሚያድር ገበሬው ያውቃል። ተአምር ያለው ተራኪ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ስለዚህ «ሕልሙ አለቀ» ብሎ ዝም አለ።

ሁለተኛው መልሳችን ከኳሱ ውጭ የሚሄድ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው። 5000 የሚለው ቁጥር በየዲ ኤስ ቲቪ ቤቱ ከ81 ነጥቡ ይልቅ ይታወሳል። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በከተሞቻችን ከተስፋፉ ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ምክር ሆነ። ድል በአንድ ቀን ከሰማይ ይወርዳል ብሎ የተማረ ወጣት በእጁ የያዛት የውርርድ ወረቀት ያችን ቀን የምትጠብቅ ትመስለዋለች። ድል ከአምስት 1 ለ 0 ይሰበሰባል ብሎ የተማረ ግን ሌላ ነገር ይጠብቃል። ተራኪው ውርርድን አላስተማረም፤ ነገር ግን ዓመቱን ሰርዞ ቀኑን ብቻ ሲተው ለውርርዱ መንገዱን ጠረገለት።

ያ 2008 ዓ.ም. በዚህ አገር ምን ዓመት እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። የ2007 ክረምት ዝናብ አጥሮ በኢትዮጵያ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው የተነገረበት ዓመት ነው። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ፤ ገበሬው በበጋ እርከን እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበል ነበር። ከእርከን ሥራ ውሎ ማታ ኳስ ለማየት ወደ ከተማ የወጣ ወጣት ስለ ዓመት፥ ስለ ሥራና ስለ ውጤት ከማንም ተራኪ የበለጠ ዕውቀት ይዞ ነው አግዳሚው ላይ የተቀመጠው። ትረካው ግን ይህን ዕውቀቱን አልጠየቀውም።

5. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተናገርነው የፉከራ ቃል ከኳስ ይውጣ ለማለት አይደለም። ለቀኑ የቀኑ ቃል ይገባዋል፤ ጥር 28 ቀን ሁት በማንቸስተር ሲቲ ላይ ሁለት ግብ ሲያገባ የማይፎክር ተራኪ ተራኪ አይባልም። የምንለው ለዓመቱ ደግሞ የዓመቱ ቃል ይገባዋል ነው። ቃሉንም ከሩቅ አገር መዋስ አያሻም። ማረስ፥ መድገም፥ መሠለስ፥ ማረም፥ መጠበቅ፥ ማጨድ፥ መውቃት፥ ጐተራ ማግባት፤ ደቦና ወንፈል፤ ፈተናና ጾም፤ እነዚህ ሁሉ በአድማጩ አፍ ያሉ ናቸው። አንድ ተራኪ በመጋቢት ወር ስለ ተገኘች 1 ለ 0 ሲናገር «ማሳው ተሠለሰ» ቢል ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ ያለ ሰው ሁሉ የነጥቧን ዋጋ በአንድ ጊዜ ይረዳዋል።

ነገሩ የእንግሊዝ ብቻ ሆኖ የሚቀርም አይደለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ። የቀደመው ዓመት ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰርዞ ነበር፤ የ2013ቱ ደግሞ ቡድኖቹ ባሕር ዳርን ጨምሮ በጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ የተጫወቱበትና ጨዋታዎቹ በዲ ኤስ ቲቪ መታየት የጀመሩበት ነው። የጋይንት ተመልካች የጎንደርን ቡድን፥ እንግሊዞችን ባየበት በዚያው መስኮት አየ ማለት ነው። ይህ ዓመት የራሱ የሆነ ብዙ ውጣ ውረድ ያለው ሲሆን፥ በሕዝቡ ዘንድ የቀረው ግን የዋንጫው ቀን ደስታ ነው። ቅዳሜን ከቅዳሜ አያይዞ የሚጽፈው ተማሪ ቢነሣ ለሚመጣው ትውልድ ትልቅ ሥራ ይሆናል።

ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን በዚህ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ቢያቀርቡ በደስታ እንቀበላለን። በተለይም የአማርኛን የስፖርት ቋንቋ የሚያጠኑ ሰዎች ከእኛ የተለየ ምሳሌ ይዘው ቢመጡ ክርክሩ ይጠነክራል። እስከዚያው ግን በዚህ አቋማችን እንጸናለን፦ ለገበሬ ልጅ ስለ አንድ ዓመት የሚተርክ ሰው መድፉ ሲተኰስ ብቻ ሳይሆን መድፉ ሲጐተትም ሊናገር ይገባዋል።